የሚገባኝ ሞተር

አጎቴ ለመካኒኩ ያሉት አጭር ነገር ነበር፦ «በቃ፣ የሚገባኝን ሞተር አስገባልኝ።» 2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያን ዕለት የመኪና ጉዳይ ብቻ መስሎኝ አለፍኩት። በኋላ ግን ንግግራቸው ውስጥ ሁለት ነገር ተደርቦ እንደነበር ገባኝ። በአማርኛ «ይገባኛል» ስንል ወይ «እረዳዋለሁ» ማለታችን ነው፣ ወይ ደግሞ «መብቴ ነው፣ ድርሻዬ ነው» ማለታችን ነው። አጎቴ የትኛውን እንደፈለጉ እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም። እኔም ለረጅም ጊዜ አልለየሁትም። አንድ ሰው የሚረዳውን ነገር መምረጡ መብቱ ነው ወይ? ከሆነስ፣ የምርጫውን ዋጋ ሌላ ሰው ሲከፍለው መብቱ የት ላይ ያበቃል?

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭና አዲስ አበባ ታደርሳለች፤ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ሞተሯ 22አር-ኢ የሚባለው ነበር። «ኢ» የምትለዋ ፊደል ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን እንደሚያገኝ ታመለክታለች። ያለ «ኢ» 22አር የሚባለው ወንድሙ ካርቡሬተር ነው። ሁለቱም 2,366 ሲሲ፣ ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር፣ ብሎካቸውም አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት በአካላቸው ሳይሆን በአመጋገባቸው ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ድንገት ይጠፋል። ሳያስነጥስ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ አምፖል እንደማጥፋት ድርግም! ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። ሦስት ጋራዥ ገባች። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፣ አንዱ የቤንዚን ፖምፓ ቀየረ፣ ሦስተኛው «ኮምፒውተሩ ነው» ብሎ እጁን ታጠበ። ሁሉም ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር፦ የባትሪውን ገመድ መንቀል። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በመጨረሻ ቆቃ አካባቢ ሙሉ ጭነት ቲማቲም ይዛ ቆመች። የዚያን ቀን እንደ በፊቱ ስትቀዘቅዝም ቶሎ አልተነሳችም። አጎቴና ረዳታቸው ፀሐይ ላይ ዋሉ። ማታ በሌላ መኪና ተጎትተው አዲስ አበባ ሲገቡ ከሳጥኖቹ ሥር ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። በማግስቱ ነው መካኒኩን «የሚገባኝን አስገባልኝ» ያሉት።

መካኒኩ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጠንቃቃና ሐቀኛ ሰው ነው። ሥራውም ከሚመስለው ይቀል ነበር። ሞተሩ ያው ማቀፊያ ላይ ይቀመጣል፣ ካምቢዮውም ያው ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግን ማጥፋት ግድ ይላል፤ የኢንጀክሽን ፖምፓ በከባድ ግፊት ስለሚገፋ ካርቡሬተሩን በቤንዚን ያጥለቀልቀዋል። በምትኩ ቴስታታው ላይ የሚታሰረው፣ ሞተሩ ራሱ እያሽከረከረ የሚያሠራው ትንሽ ፖምፓ ይተካል። ኮምፒውተሩና ሽቦዎቹ ተነቅለው ወጡ። አሮጌው 22አር ገባ። አጎቴ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬው ላይ አስመዘገቡ፤ በዚህ በኩል የሚታሙ ሰው አይደሉም። የተነቀለው ሞተር ከነሽቦው፣ ከነኮምፒውተሩ ለአንድ ወጣት በርካሽ ተሸጠ።

መኪናዋም ሄደች። እስከ ዛሬም ትሄዳለች። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የምጽፈው አልነበረኝም።

መጀመሪያ ለአጎቴ ልሟገትላቸው፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለምና። ካርቡሬተር በዓይን የሚታይ ነገር ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ከትንሿ ሳህን ቤንዚን እየሳበ ይዞ ይገባል። ሳህኗ እንዳትሞላ የሚጠብቃት ተንሳፋፊ ነገር ነው፤ ሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለችው ኳስ። ቆሻሻ ሲገባበት ፈትተህ፣ በቤንዚን አጥበህ፣ ነፍተህ ትመልሰዋለህ። ሲታመምም ይናገራል፤ ያስነጥሳል፣ ይጎትታል፣ ጭሱ ይጠቁራል። መካኒኩ እንዳለው፣ «ጋሼ፣ ይሄ እያቃሰተ ቤት ያደርስዎታል። ያኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞት።»

በኢንጀክሽን ግን ውሳኔው ከዓይን ተሰውሯል። የገባውን አየር የሚለካ አለ፣ የሞተሩን ሙቀት የሚለካ አለ። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ የቤንዚን መርጫዋ ለስንት ሚሊ ሰከንድ እንደምትከፈት ያዛል። ትእዛዙን ሰው አያየውም፣ አይሰማውም። ለአጎቴ ይህ ማለት ኑሯቸው በማያውቁት ዳኛ እጅ ወደቀ ማለት ነው። ዳኛው ሲፈርድባቸው ምክንያቱን አይነግራቸውም። ይግባኝ የሚሉበትም የለም።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዢልቤር ሲሞንዶን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ስለ ቴክኒካዊ ነገሮች በሚናገር መጽሐፉ፣ ሰው ከማሽን ጋር ባዕድ የሚሆነው የማሽኑ ባለቤት ስላልሆነ ብቻ አይደለም፣ አሠራሩን ስላላወቀም ነው ብሎ ይከራከራል። አጎቴ ሲሞንዶንን አያውቁትም፣ ነገሩን ግን ኖረውታል። መኪናዋ በሊብሬ የእሳቸው ናት፤ ቆቃ መንገድ ዳር ላይ ግን የማን እንደሆነች አልታወቀም። ስለዚህ ያደረጉት ነገር ኋላ ቀርነት ወይም ናፍቆት ብቻ ነው ብሎ ማጣጣል ትክክል አይመስለኝም። ሰው ኑሮውን የተሸከመውን ነገር ማወቅ ይፈልጋል። በማያውቀው ነገር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ፍርሃቱ ተገቢ ነው።

አሁን ጥርጣሬዬን ልንገራችሁ። አንድ ቀን አጎቴን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ካርቡሬተሩን ፈትተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

«ታዲያ የሚገባዎት እንዴት ነው?»

ትንሽ አሰቡና፣ «እሱ ይገባዋላ» አሉ፣ መካኒኩን ማለታቸው ነው። «እሱ ደግሞ ይገባኛል።»

ይህ መልስ ብዙ ነገር ከፈተልኝ። አጎቴ የተረዱት ሞተሩን ሳይሆን መካኒኩን ነው። አሮጌው ሞተር የሰጣቸው ዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀት ያለውን ሰው ነው የሰጣቸው። በሠፈራቸው፣ በቋንቋቸው፣ ሲደውሉለት «አቤት ጋሼ» የሚላቸው ሰው። «የሚገባኝ ሞተር» የሚሉት በእውነት «የማምነው ሰው የሚገባው ሞተር» ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው ዕውቀታችን እንዲህ ነው። ሐኪሙን እናምናለን እንጂ ኩላሊታችንን አናውቀውም። ግን ነገሩ በዚህ ከተተረጎመ፣ ሞተሩ ከመለወጡ በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄም ይለወጣል። «የትኛው ሞተር ቀላል ነው?» ሳይሆን «ያኛውን ሞተር የሚያውቅ፣ የማምነው ሰው አለ ወይ?» መባል ነበረበት።

ነበረ። አሮጌውን ሞተር የገዛው ወጣት ሻርጃ ውስጥ ጋራዥ ሲሠራ ቆይቶ የተመለሰ ልጅ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሞተሩ እንዴት እንደሆነለት ጠየቅኩት። «ጤነኛ ነው» አለኝ። ሌላ ፒክአፕ ላይ ገጥሞት አስነሳው፣ ሞቆ ሲጠፋበት ባትሪውን ሳይነካ የስህተቱን ቁጥር አነበበ። ምን ዓይነት ማሽን ይዘህ ብለው፣ ሳቀና ከኪሱ አንድ ጣት የምታህል ሽቦ አወጣ።

እንዲህ ነው ነገሩ። በእነዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ኮፈኑ ሥር አንዲት ትንሽ የመመርመሪያ ሳጥን አለች። ቁልፉን ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ ሳጥኗ ውስጥ ያሉትን ሁለት የታወቁ ቀዳዳዎች በሽቦ ስታገናኝ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ምልክት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። አንድ ጊዜ ብልጭ፣ ቆም፣ ከዚያ አራት ጊዜ ብልጭ ካለች 14 ማለት ነው። 14 ደግሞ የእሳት ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ «ካንዴላው እሳት እንዳገኘ የሚነግረኝ መልስ አልደረሰኝም» ሲል የሚሰጠው ቁጥር። መልሱ ካልደረሰው ቤንዚኑን ይቆርጣል። ልጁ ሽቦውን ተከትሎ ሄደ። ኢግናይተሩ ጋ የምትሰካው ሶኬት ውስጥ አንዲት ፒን ዝጋ ላልታ ነበር፤ ስትሞቅ ትለያያለች፣ ስትቀዘቅዝ ትገናኛለች። ጠርጎ አጠበቃት። አለቀ።

ያ ዝም ብሎ ይሞታል የተባለው ሞተር ለካስ ሲናገር ነበር። የምትቆጥርለት ጆሮ አጥቶ ነው እንጂ። ኮምፒውተሩ የስህተቱን ቁጥር የሚያስታውሰው ደግሞ ከባትሪው ኃይል እስካገኘ ድረስ ነው። ሦስቱም ጋራዦች ሥራ ሲጀምሩ ገመዱን እየነቀሉ ያን ትዝታ በየጊዜው ይሰርዙት ነበር። ምስክሩ ሊናገር በቆመ ቁጥር አፉን ይዘጉት ነበር ማለት ነው፤ በክፋት አይደለም፣ እንዲያውም ለጥንቃቄ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ቀላል ነው» እና «ለምጄዋለሁ» የሚሉት ሁለት ነገሮች በጣም እንደሚመሳሰሉብን አያለሁ። ካርቡሬተር በራሱ ቀላል አይደለም። ውስጡ ብዙ ጥቃቅን መንገዶች አሉት፤ በደንብ የሚያስተካክለው ሰው ዓመታት የፈጀ ጆሮ ያስፈልገዋል። እነዚያን ዓመታት መካኒኩ ከፍሏል። የአዲሱን ዓመታት ግን አልከፈለም። ስለዚህ ውስብስብነት የሞተሩ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በእኛና በሞተሩ መካከል ያለ ያልተሄደበት መንገድም ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ለአጎቴ የሚከራከር ሁሉ ሊያነሳው የሚገባ። ባለማወቃችን የተዘጋብን በር አለ፣ ሌላ ሰው ቆልፎብን የተዘጋም በር አለ። የ22አር-ኢ በር በሽቦ ቁራጭ ይከፈታል። የዛሬ ብዙ ማሽኖች ግን እንዲህ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ገበሬዎች የራሳቸውን ትራክተር ለመጠገን የአምራቹን ሶፍትዌር እየለመኑ፣ ኮምፒውተር የሌላቸውን አሮጌ ትራክተሮች ፈልገው እስከመግዛት ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ የመኪና አምራቾች የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ለማንኛውም ጋራዥ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ በድምፁ ያጸደቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በተቆለፈ በር ፊት ወደ አሮጌው መመለስ የመብት ጥያቄ ነው፤ እዚያ «ይገባኛል» የሚለው ቃል በሁለቱም ትርጉሙ ሙሉ ነው። ባልተንኳኳ በር ፊት ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። አጎቴ የቆሙት ባልተንኳኳው ፊት ነበር።

«ታዲያ ምን አጠፉ? መኪናቸው ነው፣ ገንዘባቸው ነው» የሚል ይኖራል። ወደ ሁለተኛው የቃሉ ትርጉም የመጣሁት ለዚህ ነው።

ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት በደንብ አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቤንዚን ተስተካክሎ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ የቀነሰውን ያህል ቤንዚኑን አይቀንስም፤ ድብልቁ በአስር ከመቶ ገደማ ይወፍራል። ያልተቃጠለው ቤንዚንና ካርቦን ሞኖክሳይዱ በማርሚታው ይወጣል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቾክ ሲሳብ ደግሞ ይብሳል። ኢንጀክሽንም ፍጹም አይደለም፣ ግን እየለካ ራሱን የሚያርምበት መንገድ አለው። ሀብታሞቹ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካርቡሬተርን ከአዳዲስ መኪኖች ያስወጡት ስላረጀ ብቻ ሳይሆን፣ የጭስ ሕጋቸውን በእሱ ማሟላት እየከበደ ስለመጣም ነው።

የአጎቴ ግቢ ውስጥ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። መስኮቷ ከመኪናዋ ማርሚታ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። አጎቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መኪናዋን ያስነሳሉ፤ አሮጌው ሞተር ሳይሞቅ አይንቀሳቀስም። ልጁ ደረቱ ደካማ ነው። ሳሉን የሞተሩ ለውጥ አመጣው አልልም፤ ከዚያ በፊትም ይስል ነበር። እናትየዋ ግን አንድ ቀን በትሕትና፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ጋሼ፣ ጭሱ ሌሊት ቤት እየገባ ነው» አለች።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እንጀራዬ ነው» አሏት። ውሸት የለበትም። ግን እሷ ኢንጀክሽን ነው ካርቡሬተር ነው ብላ አልመረጠችም። ማንም አልጠየቃትም። አጎቴ የማያውቁት ዳኛ እንደፈረደባቸው ሁሉ፣ አሁን በዚያች መስኮት በኩል እሳቸው ለሌላ ሰው የማይታወቅ ዳኛ ሆኑ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ፍርሃታችን ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከፍርሃታችን የምንሸሽበት መንገድ ግን በሌላ ሰው ደረት ላይ ሊያልፍ ይችላል። አርስቶትል ሳያውቅ ያጠፋን ሰውና ላለማወቁ ራሱ ተጠያቂ የሆነን ሰው ይለያል፤ የመጀመሪያው ይታዘንለታል፣ ሁለተኛው ይጠየቃል። አጎቴን ከሁለቱ የትኛው ላይ ላስቀምጣቸው? ቲማቲሙ የተበላሸ፣ ሦስት ጋራዥ የከፈለ ሰው ሄዶ አራተኛ እንዲፈልግ መጠበቅ ግፍ ነው። እንግዲህ ጥፋቱን ቁጭ ብዬ ስከፋፍለው ለእሳቸው የሚደርሳቸው ትንሹ ነው። ሦስቱ ጋራዦች የማያውቁትን «ኮምፒውተሩ ነው» ብለው ሲሸፍኑ ይደርሳቸዋል። የተማረ ወንድም ልጅ ነኝ የምል እኔም፣ ስልኬን አውጥቼ አሥር ደቂቃ ብፈልግ የማገኘውን ነገር ዳር ቆሜ ዓይቼ ዝም ስላልኩ ይደርሰኛል። እንዲያውም ሳስበው ከሁሉ የሚበዛው ድርሻ የእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ለእኔ ማወቅ ርካሽ ነበርና። ማወቅ ለሚረክስበት ሰው አለማወቅ ይከብዳል።

ስለዚህ የደረስኩበት ይህ ነው፦ የምንረዳውን የመምረጥ መብት አለን፣ ግን ከመብቱ በፊት የሚመጣ ግዴታ አለበት። ያልገባን ነገር እንዲገባን መጀመሪያ በሩን ማንኳኳት። የሚቆልፉብን ካሉ እንዲከፍቱ መጮህ። ሁለቱም ካልሆነና ወደ አሮጌው ከተመለስን ደግሞ፣ የመመለሱን ዋጋ ራሳችን መሸከም እንጂ መስኮቱ አጠገብ ለተኛ ሰው አለመተው።

ጥያቄው በአንድ ፒክአፕ የሚቆም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ጎዳናው ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በየቀኑ ይጨምራል። መካኒኩ አንዱ በጋራዡ በር ሲያልፍ ቆሞ ያያል። «ይሄ ምን ይጠገናል?» ይላል። ያ ጥያቄ ልክ የዚያን ጊዜው ጥያቄ ነው፤ አሁንም መልሱ «ይሄ አይገባኝም» ብቻ ከሆነ፣ መንገድ ዳር የሚቆሙ ሌሎች አጎቶች ይኖራሉ። ደስ ያለኝ ነገር፣ ሻርጃ የነበረው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መካኒኩ ጋራዥ መምጣት ጀምሯል። አንዱ ቁጥር ይቆጥራል፣ ሌላው ጆሮውን ያዋሳል።

አጎቴ ሞተሩን መልሰው አልቀየሩም፤ አቅሙም የለም። መካኒኩ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ለአዲስ አበባ በሚሆን ጠበብ ባለ ቀይሮላቸዋል፣ ጭሱም ቀንሷል። ሌላውን ለውጥ ያየሁት በቅርቡ ቤታቸው ባደርኩበት ሌሊት ነው። አሥር ሰዓት ላይ የግቢው በር ሲከፈት ሰምቼ ወጣሁ። የሞተር ድምፅ የለም። አጎቴና ረዳታቸው ጎንበስ ብለው፣ መኪናዋን በጨለማ እየገፉ ወደ መንገዱ ያወጧታል። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሮጬ ከኋላ ገባሁና ገፋሁ።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?» አልኳቸው እያለከለክሁ።

«ዝም ብለህ ግፋ» አሉኝ። «ልጁን ትቀሰቅሰዋለህ።»